ከመንገዱ ማዶ ያለው ጉድጓድ

«ወድቆ ነው» አለ ሃምሳ አለቃው፣ በጉድጓዱ አፍ ላይ አጎንብሶ ወደ ታች እያየ። «ሣሩ ርጥብ ነው። አዳልጦት ገባ፤ አለቀ።»

«ክዳኑስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ክዳኑ ምን ሆነ?»

«ሬሳውን ያገኘው ሰው ሲመጣ ጉድጓዱ ተከድኖ ነበር። እሱ ከወደቀ በኋላ ክዳኑን ማን መለሰለት?»

ሃምሳ አለቃው ቀና አለ። ሣሩ ላይ የተጋደመውን ከባድ የብረት ክዳን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ።

ቦታው ከአስፋልቱ ዝቅ ያለ ተዳፋት ነው። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። ከመንገዱ ማዶ የጡብ ፋብሪካው አጥርና ጭስ ማውጫው ይታያል፤ በዚህ በኩል ግን ከጥቂት ዛፎች በቀር ቤትም አጥርም የለም። አምቡላንሱ ቀድሟቸው ደርሶ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ የሚያነሣው ግን በሽተኛ አልነበረም።

ሬሳውን ያገኘው የውሃ ጥገና ሠራተኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የራሱን እጅ በራሱ እጅ ጨብጦ ይዟል። ኢንስፔክተሯ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«አይዞህ ወንድሜ። ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

«ምን መጀመሪያ አለው እህቴ? በላይ ሰፈር ውሃው ግፊት አነሰው ተባልን። የራሰ መሬት እየፈለግሁ መስመሩን ተከትዬ ወረድኩ። እዚህ ስደርስ ሣሩ ተረግጧል፤ መሀሉ ላይ ክዳን አየሁ። እዚህ ቦታ ጉድጓድ እንዳለ ሰምቼም አላውቅ። በብረት ፈነቀልኩት። መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ለድንገተኛ አደጋ ደወልኩ። ክዳኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበብኩላቸው። ስልኩን ያነሣችው ልጅ የት አካባቢ ነው ስትለኝ፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ። በቃ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሃምሳ አለቃው ራሱን ነቀነቀ። «ግን ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ተአምር ሠርተናል። ሳንጠፋ ደረስን እኮ!»

ቀልዱ እውነት ነበረው። በዚያ ከተማ ውሃ መሥሪያ ቤት አንዱን መንገድ በቁጥር ይጠራዋል፣ መብራት መሥሪያ ቤት በሌላ ቁጥር፣ ማዘጋጃ ቤት በስም፣ ነዋሪው ደግሞ ድሮ እዚያ በነበረ ሱቅ። ፖሊስ አንድ ቦታ የሚደርሰው ሦስት ሰፈር ጠይቆ ነው። ኢንስፔክተሯ ፈገግ አለችና ነገሩን ረሳችው።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ሲደውል ድምፁ ቀዝቅዞ ነበር። «አንድ እግሩ ተሰብሯል። ጭንቅላቱም ተመትቷል፤ የሚገድል ግን አልነበረም። የጣቶቹ ጫፍ ተልጧል፣ ጥፍሮቹ ሥር ዝገትና ሲሚንቶ አለ። መሰላሉን ሲሞክር ነበር።»

«ስንት ሰዓት ኖሯል ነው የምትለኝ?»

«ትናንት አመሻሽ ወድቆ፣ ሌሊቱን ሳያጋምስ አልሞተም።»

«ጮኾ ነበር ማለት ነው።»

«ጉሮሮውን አይቼዋለሁ» አለ ሐኪሙ። «ድምፁ እስኪዘጋ ጮኋል።»

*

ሟቹ ያገሩን ካርታ የሚያስተባብረው ቢሮ ኃላፊ ነበር። ስሙ ትልቅ፣ ክፍሉ ጠባብ የሆነ ቢሮ ነው፤ የውሃው፣ የመብራቱ፣ የመንገዱ፣ የመሬቱና የእሳት አደጋው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ ለየብቻው ቆልፎ የያዘውን ካርታ አንድ ላይ እንዲያመጣ የተቋቋመ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ከአንድ ልጁ ጋር ነበር የሚኖረው።

ልጅቷ መምህርት ናት። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ዐይኗ አብጦ፣ ግን ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ከጎኗ አንድ ጠጉሩ ሽበት የጀመረው ሰው ብርጭቆ ውሃ ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ ነው» አለች ልጅቷ። «የአባዬ ጓደኛ። ከተማሪነታቸው ጀምሮ አብረው ናቸው። አባዬ ሲያገባ ሚዜው እሱ ነበር።»

«የእሳትና ድንገተኛ አደጋ የስምሪት ኃላፊ ነኝ» አለ ሰውየው በትሕትና። «የምረዳችሁ ነገር ካለ ዛሬም ነገም እዚሁ ነኝ። ይህችን ልጅ ጥዬ የትም አልሄድም።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?» አለችው፤ ሁሉንም የምትጠይቀው ጥያቄ ነውና በለሰለሰ ድምፅ።

«ልምምድ ሜዳ፣ ከሠራተኞቼ ጋር። አዲሶቹን መሰላል እናስለምድ ነበር። ሲመሽ ቤቴ ገባሁ።»

ልጅቷ ቀጠለች። «አባዬ እራት ሰዓት ሲያልፍ ወዲያው ለጋሼ ነው የደወልኩት። ‹ስብሰባ ይዞት ይሆናል፣ ይመጣል፣ አንቺ ተኚ› አለኝ። ተኛሁ እኮ! እንዴት ነው የተኛሁት?»

ሰውየው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውሃው ትንሽ ፈሰሰ።

«አባትሽን የሚጠላው ሰው ነበር?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አባዬን ማን ይጠላዋል? ቢሮዎቹ ሁሉ ‹ለማኙ› ነበር የሚሉት። በየደጁ እየዞረ ካርታችሁን ስጡኝ ስለሚል። እሱም ይስቅ ነበር። ማታ ሲገባ ‹ዛሬ ምን አገኘህ?› ስለው ‹እግዜር ይስጥህ አሉኝ› ይለኛል።» ፈገግታዋ ብልጭ ብሎ ጠፋ። «አንድ ሰው ብቻ አለ። የመሬት ይዞታ ኃላፊው። ባለፈው ስብሰባ ላይ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ‹ይህን ካርታ የምትወስደው ሬሳዬን ተራምደህ ነው› አለው። አባዬ ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር።»

«ሰሞኑን የተለየ ነገር አላየሽበትም? የከነከነው ነገር?»

ልጅቷ አሰበች። «ባለፈው ሳምንት የእሳት አደጋውን ካርታ ሲገለብጥ ውሎ መጣ። እራት አልበላም። ምነው ስለው ‹ያ ቃጠሎ ትዝ ብሎኝ ነው› አለኝ።»

«ሁላችንንም ይረብሸናል» አለ የስምሪት ኃላፊው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ኢንስፔክተሯ ቃጠሎውን ታስታውሰዋለች፤ የማያስታውሰው ሰው የለም። አምና አንዲት እናት ከልጆቿ ጋር ቤት ውስጥ ተቃጥላ ሞታ ነበር። የእሳት አደጋ መኪናው ወደተቆፈረ መንገድ ገብቶ፣ ዞሮ እስኪመለስ ጣራው ወርዷል። መንገድ ስቷል ተብሎ ሹፌሩ ከሥራ ተባረረ።

«ጉድጓዱ ጋ ምን ሊሠራ ነበር የሄደው?»

«አሮጌ የውሃ ጉድጓዶች ይፈልግ ነበር። ካርታ ላይ የተጻፉበት ቦታ አይገኙም፤ በእግሩ እየዞረ እውነተኛ ቦታቸውን ይለካል። ትናንት ጠዋት ቁርስ ላይ ደስ ብሎት ነበር። ‹አንድ ብቻ ቀረችኝ› አለ። ‹የት እንደገባች ማንም የማያውቃት አንዲት አመለኛ ጉድጓድ። ዛሬ ከሰዓት አገኛታለሁ።›»

ከሟቹ አንገት ላይ የተገኘችው የቦታ መለኪያ ስትመረመርም የመጨረሻው ምልክት ያች ጉድጓድ ነበረች፤ ያን ዕለት አመሻሽ ላይ የተመዘገበች።

*

የመሬት ይዞታ ኃላፊው ቢሮ ሰፊ ነው፤ ግድግዳው ሙሉ ካርታ፣ ሁሉም በመስታወት የተሸፈነ። ሰውየው አጭርና ወፍራም፣ ሲናገር ጠረጴዛ የሚመታ ዓይነት ነበር።

«አዎ ብያለሁ! ሬሳዬን ተራምደህ ብያለሁ። በስብሰባ የሚባል ነገር ሁሉ ወንጀል ከሆነ አገሩ በሙሉ ይታሰር!»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አላልኩም።»

«ማን አየዎት?»

«ጸሐፊዬ ፈቃድ ላይ ናት። ወንበሩን ይጠይቁት።»

ሃምሳ አለቃው ደረጃውን ሲወርዱ ጥርሱን ነከሰ። «ይኼ ሰውዬ ነው ኢንስፔክተር። ፊቱን አላዩትም? ላብ በላብ።»

«ያላበው ሁሉ ገዳይ ቢሆን እስር ቤታችን አይበቃንም» አለችው። ቢሆንም ቃሉን ማጣራት ነበረባት። ወደ ጡብ ፋብሪካው ሄዱ። ዘበኛው ሽማግሌ ነው፤ ስለ ጩኸት ሲጠየቅ ከማሽኖቹ ጫጫታ በቀር ምንም አልሰማም። ስለ መኪና ሲጠየቅ ግን አልተቸገረም።

«ነጭ መኪና። የመንግሥት ሰሌዳ። በሩ ላይ የመሬት መሥሪያ ቤቱ ምልክት። አንድ አጭር ወፍራም ሰው ከውስጥ ወጥቶ እዚህ በሬ ላይ ሲንጎራደድ፣ ሰዓቱን ሲያይ፣ ሲንጎራደድ አመሸ። ‹ሰው ይፈልጋሉ ጌታዬ?› ብለው ‹ሥራህን ሥራ› አለኝ።»

«ወደዚያ ወደ ማዶ ተሻገረ?»

«ኧረ አልተሻገረም። ሲጨላልም እየተሳደበ ገብቶ ሄደ።»

*

በሁለተኛው ቀን የመሬት ይዞታ ኃላፊው ጠረጴዛውን አልመታም። ኢንስፔክተሯ ዘበኛው ያለውን ቃል በቃል ስትነግረው ወንበሩ ላይ ሟሟ።

«እውነቱን ከተናገርኩ ከሥራዬ እባረራለሁ» አለ።

«ካልተናገሩ ደግሞ በነፍስ ግድያ ነው የምወስድዎት። ይምረጡ።»

ሰውየው መሳቢያውን ከፈተና ከውስጡ አንዲት ፍላሽ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጣት።

«የመሬቱ ካርታ ነው። ሙሉው። ልሰጠው ነበር።»

ሃምሳ አለቃው አፉን ከፈተ። «ሬሳዬን ተራምደህ ያሉት ሰውዬ?»

«አለቆቼ ፊት ምን እንድል ትፈልጋለህ? እነሱ ካርታው ከዚህ ግቢ እንዲወጣ አይፈልጉም። የመሥሪያ ቤቱ ክብር ይሉታል። ከስብሰባው በኋላ ሽንት ቤት በር ላይ ያዘኝ። ‹ወንድሜ፣ እኔ ካርታህን የምፈልገው ለጌጥ አይደለም፣ ሰው እየሞተ ነው› አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ማንም በማያየን ቦታ እሰጥሃለሁ አልኩት። ‹እንግዲያው ነገ ከሰዓት ጉድጓድ ስፈልግ እውላለሁ፣ እዚያ ና› ብሎ የጉድጓዱን ቁጥር ሰጠኝ።»

«ሄዱ?»

«ሄድኩ እንጂ! ካርታዬን ከፍቼ፣ ቁጥሩን አይቼ፣ ያለበት ሄድኩ። እሱ ግን አልመጣም። ቀልዶብኝ ነው ብዬ ረግሜው ነው የተመለስኩት። በነጋታው ሞተ ሲባል... ምን ልበል? ሬሳዬን ተራምደህ ያልኩ ሰው፣ እዚያ ነበርኩ ልበል?»

«የሄዱት የት ነው? በትክክል።»

ኮምፒዩተሩን ወደሷ አዞረ። ቁጥሩን መታ። ትንሿ ሰማያዊ ነጥብ የጡብ ፋብሪካው ጓሮ ላይ አረፈች።

ኢንስፔክተሯ ወደ ማያው ተጠጋች። «ጉድጓዱ እኮ እዚህ አይደለም። ከመንገዱ ማዶ ነው።»

«ምን?»

«ከማዶ፣ ከዛፎቹ በታች። ሬሳውን ያወጣነው ከዚያ ነው።»

ሰውየው ወደ ማያው አጎንብሶ ነጥቧን አየ። ከዚያ ለራሱ እንደሚያወራ ዓይነት ጀመረ። «እሱን ነበር ሲነግረን የኖረው። ሁላችንም ከአንድ አሮጌ ካርታ ነው የገለበጥነው። ድሮ የተለካበት መንገድ ሌላ፣ አሁን የምንለካበት ሌላ። ሳናስተካክል ስንገለብጠው ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል። ሁለት መቶ ሜትር ያህል ይሆናል። የውሃውም፣ የእኛም፣ የእሳት አደጋውም ካርታ ላይ ጉድጓዱ ፋብሪካው ጓሮ ነው። ማንም ሰው ከቢሮው ተነሥቶ ቢሄድ እዚያ ነው የሚሄደው።» ቀና ብሎ አያት። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የወደቀው?»

«አመሻሽ ላይ።»

«እኔ እዚያ ቆሜ ሳለሁ?»

እሱም መልሱን ከፊቷ አነበበው። ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «ማሽኑ ይጮህ ነበር» አለ ከእጆቹ ውስጥ። «እኔ ምንም አልሰማሁም። ማሽኑ ነበር የሚጮኸው።»

*

መኪናው ውስጥ ሃምሳ አለቃው ቁልፉን አስገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ቆየ። «እንግዲህ ከዜሮ ልንጀምር ነው።»

ኢንስፔክተሯ የውሃ ሠራተኛውን ቃል የጻፈችበትን ደብተር ከፈተች።

«ሁሉም ካርታ ላይ ፋብሪካው ጓሮ ነው» አለች ቀስ ብላ። «የውሃ ሠራተኛው የተናገረው ቁጥሩን ብቻ ነው። ስልኩ ጠፋበት። ታዲያ እኛ እንዴት ሳንጠፋ ደረስን?»

ሃምሳ አለቃው ዞር አለ።

«አንተ ነህ መልእክቱን የተቀበልከው። ምን አሉህ?»

«ከስምሪት ክፍል...» አለና ቃሉ ተንጠለጠለ። «‹ከጡብ ፋብሪካው ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፎቹ በታች› አለችኝ።»

«አስነሣው።»

የስምሪት ክፍሉ መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ የከተማዋ ካርታ በትልቅ ማያ ተዘርግቷል፤ ሴቶችና ወንዶች ማዳመጫ አጥልቀው ይደወልላቸዋል፣ ይመልሳሉ። ያን ጠዋት ስልኩን ያነሣችው ልጅ ቀጭንና ፈጣን ነበረች፤ አንዳች ነገር ያጠፋች መስሏት ገና ሳትጠየቅ ደነገጠች።

«ቁጥሩን አስገባሁ፣ ፋብሪካው ጓሮ አለኝ። ለአምቡላንሱ በሬዲዮ ልናገር ስል ኃላፊያችን ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ‹አይደለም፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከዛፎቹ በታች በያቸው› አለኝ። ለእናንተም እንደዚያው ነገርኩ። ተሳስቼ ነው?»

«አልተሳሳትሽም የኔ እህት። ሌላ የተናገረው ነገር አለ?»

«የለም። ወጥቶ ሄደ። እሱ ከዚያ ቃጠሎ ወዲህ መኪና መንገድ ሲስት መስማት አይችልም። ፊቱ ዓመድ ይመስላል። አንዳንዴ ሬዲዮውን ከእጃችን ይነጥቀናል።»

ከዚያ ወደ ልምምድ ሜዳው ሄዱ። አዲሶቹ መሰላሎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የቡድኑ አለቃ ሳያቅማማ መለሰ፦ ኃላፊው ጓደኛው በወደቀበት ዕለት ልምምዱ ሳያልቅ ‹ጓደኛዬ ጠርቶኛል› ብሎ ሄዷል።

*

ለቅሶው ቤት ግቢው በወንበር ሞልቶ ነበር። የስምሪት ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል፣ ወንበር ያመላክታል፣ ሽማግሌ ይደግፋል። ኢንስፔክተሯን ሲያይ መጣ።

«አዲስ ነገር አለ?»

«አንድ ጥያቄ አለኝ። ወደ ጓሮ ብንሄድ?»

ጓሮው ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ ተዘርግቷል፤ የሟቹ ሁለት ሸሚዞች ማንም ሳያነሣቸው ተሰጥተው ቀርተዋል። ሃምሳ አለቃው በሩ ጋ ቆመ።

«ያን ጠዋት አምቡላንሱን ወደ ትክክለኛው ቦታ የላኩት እርስዎ ነዎት» አለች።

«ሥራዬ ነው።»

«በሥራዎ ካርታ ላይ ጉድጓዱ ፋብሪካው ጓሮ ነው። እውነተኛ ቦታውን ጓደኛዎ ያገኘው የሞተ ዕለት አመሻሽ ላይ ነው። ለማንም ሳይነግር ነው የወደቀው። አጠገቡ ለቆመ ሰው ካልሆነ።»

ሰውየው ሸሚዞቹን አየ።

«አፌ ቀደመኝ» አለ በመጨረሻ። «ልጅቷ ፋብሪካው ጓሮ ልትላቸው ስትል... አልቻልኩም። መኪናው እንደገና ባዶ ቦታ ላይ ሲዞር ልሰማ አልቻልኩም።»

«ቃጠሎው ነው?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «የመንገዶች መሥሪያ ቤት የተቆፈሩትን መንገዶች የሚያሳይ አዲስ ካርታ ልኮልን ነበር። ከቃጠሎው በፊት። ማኅተም የለውም ብዬ አስቀመጥኩት። ማኅተሙ እንኳ ሰበብ ነው። እነሱ እኛ የምንጠይቃቸውን ነገር ሁሉ ዓመት ሙሉ ያመላልሱን ስለነበር ትንሽ ይጠብቁ ብዬ ነው። እልህ ነው። በቃ፣ የቢሮ እልህ! ከዚያ ቤቱ ተቃጠለ። መርማሪዎቹ ሲጠይቁኝ ካርታ አልደረሰንም አልኩ። ሹፌሩ ላይ አሳበብኩ።»

«ጓደኛዎም አገኘው።»

«የኛን ካርታ ሊገለብጥ መጥቶ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ያልተጫነውን አየ። የደረሰበትን ቀን አየ። አልጮኸብኝም። ያን ዕለት ጠርቶኝ ጉድጓዷን አብረን ፈለግን፣ እንደ ልጅነታችን እየተሳሳቅን። ሲያገኛት እንደ ሕፃን ዘለለ። ክዳኑን አብረን አነሣን። ከዚያ ‹ሰኞ ሁሉም ኃላፊዎች ይሰበሰባሉ፤ አንተው በአፍህ ንገራቸው፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ› አለኝ። አልችልም አልኩት። ‹እንግዲያው እኔ እናገራለሁ› አለ። ገፋሁት። ለመግደል አልነበረም። ዝም እንዲልልኝ ነበር።»

«ከወደቀ በኋላ ተናገረ?»

«በስሜ ጠራኝ። ‹እግሬ ተሰብሯል፣ ሰዎችህን ጥራ› አለኝ።»

ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ለቅሶ ጀመረች፤ ሌሎች ተቀበሏት።

«የሰው ነፍስ ለማዳን የተቀጠሩ ሰው ነዎት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሬዲዮው መኪናዎ ውስጥ ነበር።»

«ነበር።»

«ክዳኑን መለሱት።»

«መለስኩት። ቤቴ ገባሁ። ልጅቷ ደወለችልኝ።» አሁን አለቀሰ። «ይመጣል አልኳት።»

ከጀርባቸው የሆነ ነገር ወደቀ። ልጅቷ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች፤ የያዘችው ሳህን እግሯ ሥር ተሰባብሯል። ስንቱን እንደሰማች ማንም አላወቀም። የስምሪት ኃላፊው እጁን ወደሷ ዘረጋ። እሷ ግን ወደ ገመዱ ሄዳ የአባቷን ሸሚዞች አንድ በአንድ አውርዳ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ገባች።

ሃምሳ አለቃው የስምሪት ኃላፊውን ክንድ ይዞ ሲያወጣው ለቀስተኛው መንገድ ለቀቀላቸው።

*

የተባረረውን ሹፌር ያገኙት ከከተማው ዳር፣ የአሸዋ መኪና ሥር ተኝቶ ሲጠግን ነው። ኢንስፔክተሯ ለመንገር ግድ አልነበረባትም፤ ጉዳዩ በእጇ ያለው የነፍስ ግድያው እንጂ ቃጠሎው አልነበረም። ግን ሄደች። ሹፌሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ሰማት።

«በሬዲዮ ነግሬያቸዋለሁ» አለ ስትጨርስ። «‹መንገዱ ተቆፍሯል› አልኳቸው። ‹ካርታው ክፍት ነው ይላል፣ ቀጥል› አሉኝ። ለመርማሪዎቹም ተናግሬ ነበር። የማያምን ሰው ፊት ምን ይደረጋል?»

«አሁን ሁሉም ይታወቃል። ወደ ሥራህ መመለስ ትችላለህ።»

«ልጆቼ ሠፈር ውስጥ ‹የገዳዩ ልጆች› ሲባሉ ነው የከረሙት እህቴ። ምኑ ጋ ነው የምመለሰው?» ጨርቁን አጣጠፈ። ቆይቶ ቀና አለ። «ግን ያ መንገድ አሁን ካርታው ላይ ተዘጋ?»

«አጣራለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ።

መኪናው ውስጥ ገብታ በሩን ስትዘጋ ሃምሳ አለቃው «ወደ ቢሮ?» አላት።

«ወደ ስምሪት ክፍሉ።»

ተጠባባቂው ኃላፊ ወጣት፣ ከረባት ያሰረና ጭንቀታም ሰው ነበር። የጠየቀችው ሲገባው እጁን አፋተገ።

«በአዲስ ልኬት የተሠራው የመንገዶች ካርታ እዚሁ አለ። አልተጫነም። ደብዳቤ እየጠበቅን ነው።»

«ከማን?»

«ከአስተባባሪው ቢሮ። እሱ ነበር የሚፈርመው።»

«አስተባባሪው ሞቷል።»

«አውቃለሁ፤ ነፍሱን ይማረው። ምትኩ ሲሾም...»

«ጫነው።»

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ያለ ፊርማ ብነካው...»

«እኔ እፈርማለሁ። ወረቀት አምጣ።»

«ፖሊስ በካርታ ላይ በምን ሥልጣን ነው የሚፈርመው?»

«አላውቅም» አለች። «ነገ አለቆቼም አለቆችህም ይጠይቁኝ። ከዚህ ቤት የምወጣው ሲጫን አይቼ ነው።»

ወረቀቱ መጣ። ስሟንና ማዕረጓን ጽፋ ፈረመችበት። ሰውየው ኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠ። ትልቁ ማያ ለጥቂት ጊዜ ጠቆረ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው ቀና አሉ። ከዚያ ከተማዋ ተመልሳ መጣች፤ አንዳንድ መንገድ ጠፍቶ፣ አንዳንዱ ቀይ ሆኖ፣ ብዙው ትንሽ ትንሽ ከቦታው ተነሥቶ። ያ የተቆፈረው መንገድ መሀሉ ላይ ተቆርጦ ነበር። ቀጭኗ ልጅ አፏን በእጇ ያዘች።

ኢንስፔክተሯም የተቆረጠውን መስመር ቆማ አየችው። እዚህ እስኪደረስ ስንት ሰው እንደሞተ ልታስብ ጀምራ ተወችው።

ከልጅቷ ፊት ያለው ስልክ ጠራ። ልጅቷ ዐይኗን ጠርጋ ማዳመጫዋን መለሰች።

«ድንገተኛ አደጋ ስምሪት» አለች። «አቤት። የት ነው ያሉት?»